ከጎጆ እስከ ፎቅ
የቤት አሠራርና የአኗኗር ልዩነት



ለሰው ልጅ ከሚያስፈልጉት መሠረታዊ ነገሮች አንዱ መጠለያ መሆኑን ከአንደኛ ደረጃ ጀምረን ተምረነዋል። ነገ ደግሞ እኛው ሰሌዳ ፊት ቆመን እናስተምረዋለን። ይሁን እንጂ ይህ ትምህርት በየክፍሉ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ የሚሳለው ሥዕል አንድ ዓይነት ነው። በግራ በኩል ጎጆ፣ በቀኝ በኩል ፎቅ፣ በመካከላቸው ቀስት። ከጎጆው በታች «ኋላ ቀር»፣ ከፎቁ በታች «ዘመናዊ» ተብሎ ይጻፋል። ተማሪውም ይህንኑ ገልብጦ ወደ ጎጆው ይመለሳል።

ለመሆኑ ቤት ማለት ይህ ብቻ ነው? ፎቅ ላይ የሚኖር ሕዝብ ሁሉ አኗኗሩ አንድ ነው? ሰው ከመሬት ወደ ፎቅ ሲወጣስ ከልማዱ ምኑን ይዞ ይወጣል? ምኑንስ ጥሎ ይወጣል? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በሦስት ወገን እናያቸዋለን። አንደኛው የራሳችን የፎገራ ቤት ነው፤ ሁለተኛው የኮሪያ ቤት ነው፤ ሦስተኛው የምዕራባውያን ቤት ነው።

ኮሪያ ደግሞ ከየት መጣች የሚል አይጠፋም። ምክንያት አለን። በመጀመሪያ፣ ኮሪያ ለፎገራ ሰው ባዕድ አይደለችም። ዛሬ ሜዳችንን የሞላው ሩዝ በአካባቢያችን እንዲለመድ ካደረጉት መካከል በ1970ዎቹ የመጡት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ይገኙበታል። ገበሬው እስከ ዛሬ የሚዘራው «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዘርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከአካባቢያችን ከጅግና ነው። ሁለተኛ፣ በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ወደ ደቡብ ኮሪያ ዘምቶ ተዋግቷል። ሦስተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው። ደቡብ ኮሪያ ከሳር ክዳን ወደ ረጅም ፎቅ የተሸጋገረችው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው። የእኛም ከተሞች ይህንኑ ጉዞ ጀምረዋል። ስለዚህ ቀድሞ የሄደውን ሰው መንገዱን መጠየቅ ብልህነት ነው።

፩. የእኛው ቤት

የገጠሩን ቤት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ነገር ግን የምናውቀውን ነገር ቆም ብለን አንመረምረውም። የፎገራ ቤት ክብ ጎጆ ወይም ሰቀላ ነው። ግድግዳው እንጨት ነው፤ በማገር ይታሰርና ከጤፍ ጭድ ጋር በቦካ ጭቃ ይመረጋል። ጭዱ ለጌጥ የገባ አይደለም። ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ አያይዞ ይይዘዋል። ወለሉ በእበት ይለቀለቃል፤ አቧራውን ይይዛልና። ታዛው ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ዝናቡን ከግድግዳው ያርቃል። መሐል ላይ ምሰሶው ቆሞ ጣሪያውን ይሸከማል።

ወደ ውስጥ ስንገባ መደብ አለ። መደብ ቀን ወንበር ነው፤ ማታ ቁርበት ሲነጠፍበት አልጋ ይሆናል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ የክብር ቦታ እሱው ነው። ቆጥ አለ፤ ጓዳ አለ፤ እህል የሚቀመጥበት ጎታ አለ። ምድጃውም እዚያው ነው። ማድ ቤት ለብቻው የሚሠራው አቅም ሲኖር ነው።

ግን ልብ እንበል፤ የገጠር ሰው ቤቱ ግድግዳው ጋ አያልቅም። ደጁም ቤት ነው፤ ጓሮውም ቤት ነው። በርበሬ የሚሰጣው፣ ብቅል የሚደርቀው፣ ቡና የሚወቀጠው፣ በግ የሚታረደው ደጅ ላይ ነው። ለቅሶ ሲሆን ሰው የሚቀመጠው ደጅ ነው፤ ሠርግ ሲሆን ዳስ የሚጣለው ደጅ ነው። ጎጆው ጠባብ ነው የሚለው ሰው ደጁን አልቆጠረም ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ይህ ቤት የሚሠራው በደቦ ነው። ጎረቤት እንጨት ይሸከማል፣ ጭቃ ይረግጣል፣ ይመርጋል። እንግዲህ ሰውዬው ቤቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጎረቤቶቹ በላባቸው ገብተውበታል።

ይህን ሁሉ ስንል ጎጆውን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። ጉድለቱ ብዙ ነው። መስኮት የለውም፤ ወይም ካለው ትንሽ ነው። ጭሱ የእናቶቻችንን ዓይን ያጠፋል፤ የሕፃናቱን ሳንባ ይጎዳል። ከብት ከሰው ጋር የሚያድርበት ቤት ለበሽታ የተጋለጠ ነው። በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት የወባ ትንኝ እንደልቧ ትገባለች። ሜዳው ደግሞ ረባዳ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሕዝብ ሲያፈናቅሉ የጭቃ ቤት ውሃን እንደማይችል በግልጽ ታይቷል።

በአሁኑ ጊዜ ከሩዙ ገቢ ጋር ቆርቆሮ በየመንደሩ ገብቷል። ቆርቆሮ ዝናብ አያስገባም፣ በየጊዜው ክዳን ቀይሩልኝ አይልም። ነገር ግን ቀን ሲፋጅ ይውላል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያድራል። ከዚያም በላይ ሳሩ ጭሱን ቀስ አድርጎ ያስወጣ ነበር፤ ቆርቆሮ ግን ያፍነዋል። ይህችን ነጥብ ወደ ኋላ ስለምንመለስባት አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

፪. የኮሪያ ቤት

የኮሪያ ክረምት በረዶ ያለበት ብርቱ ክረምት ነው። ስለዚህ የቤታቸው ዋና ጉዳይ ሙቀት ነው። የጥንቱ ኮሪያዊ ይህን ችግር የፈታበት ዘዴ «ኦንዶል» ይባላል፤ የሞቀ ድንጋይ ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማድ ቤቱ ከመኖሪያው ክፍል ወለል ዝቅ ብሎ ይሠራል። ምድጃው ላይ ምግብ ሲበሰል እሳቱና ጭሱ ወደ ላይ አይወጣም፤ ከመኖሪያው ክፍል ወለል በታች በተቆፈሩ ቦዮች ውስጥ ያልፋል። በቦዮቹ ላይ ሰፋፊ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተነጥፈዋል፤ በድንጋዩ ላይ ጭቃ ተመርጓል፤ በጭቃው ላይ ዘይት የጠጣ ወረቀት ተለጥፏል። ጭሱ ድንጋዩን እያሞቀ አልፎ በወዲያኛው ጫፍ በጭስ መውጫ ይወጣል። በአንድ እሳት ወጥም ይሠራል፣ ቤትም ይሞቃል፤ ጭሱም ክፍሉ ውስጥ አይገባም። ሙቀት ከእግር ሥር ሲመጣ ምን እንደሚመስል ወንዛዬ ፍል ውሃ የወረደ ሰው ያውቀዋል።

ከዚህ ከወለሉ ሙቀት ብዙ ልማድ ተወልዷል። ወለሉ የሞቀ ከሆነ ሰው ወንበር አይፈልግም፤ መሬት ላይ ይቀመጣል። አልጋም አይፈልግም፤ ማታ ፍራሽ ያነጥፋል፣ ጠዋት ያጥፋል። ምግብ በትንሽ ጠረጴዛ ቀርቦ ሲያልቅ ይነሣል። በዚህ ዓይነት አንዱ ክፍል ማታ መኝታ፣ ቀን ሳሎን፣ በምሳ ሰዓት ምግብ ቤት ይሆናል። የእኛ መደብና መሶብ እንደዚሁ አይደሉም? ለምድጃው የቀረበው የወለሉ ክፍል ከሁሉ የሞቀ ስለሆነ ለአያትና ለእንግዳ ይለቀቃል።

ሰው የሚቀመጥበትና የሚተኛበት ወለል በጫማ አይረገጥም። ስለዚህ ኮሪያዊ በር ላይ ጫማውን ያወልቃል። እኛ ዘንድ ጫማ የሚወልቀው በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ነው፤ በቤታችን ደግሞ ከመንገድ የመጣ እንግዳ እግሩ ይታጠብለት ነበር። ሁለቱም ቢሆን አንድ ነገር ይናገራል፤ የውጭው አቧራ ውጭ ይቅር ማለት ነው።

፫. የምዕራባውያን ቤት

አውሮፓም ብርድ አለ፤ መፍትሔው ግን ሌላ ሆነ። እዚያ እሳቱ የሚነደው ግድግዳ ውስጥ በተሠራ ምድጃ ነው። በኋላም የሞቀ ውሃ የሚዞርባቸው ብረቶች ግድግዳ ላይ ተተከሉ፤ በአሜሪካ ደግሞ የሞቀ አየር በቱቦ ወደየክፍሉ ይነፋል። ሙቀቱ ከግድግዳና ከአየር ስለሚመጣ ወለሉ ቀዝቃዛ ነው። ወለሉ ቀዝቃዛ ሲሆን ሰው ከወለል ይሸሻል። ስለዚህ አልጋው እግር አወጣ፣ ወንበሩ ከፍ አለ፣ ጠረጴዛውም ተከተለ። እነዚህ ከባድ ዕቃዎች በየቀኑ የሚነሡ ስላልሆኑ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሥራ ብቻ ያዘ። መኝታ ቤት ለመኝታ፣ ምግብ ቤት ለምግብ፣ ሳሎን ለእንግዳ ሆነ። ልጅም ለብቻው ክፍል ይሰጠዋል፤ ወላጅ እንኳ በር አንኳኩቶ ይገባል።

ከዚህ የምንረዳው ሰዎቹ ለምን እንዲህ ይኖራሉ ለሚለው ጥያቄ ግማሹ መልስ በወለሉ ላይ መሆኑን ነው። ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ካወቅን ሰው የት እንደሚቀመጥ፣ የት እንደሚተኛ፣ ጫማውን የት እንደሚያወልቅ ልንገምት እንችላለን።

፬. ሁሉም ወደ ፎቅ ሲወጣ

አሁን ወደ ፎቁ እንውጣ። ፎቅ ከውጭ ሲያዩት ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ መስኮት። ትርጉሙ ግን እንደ አገሩ ነው።

በአሜሪካ ብዙ ሰው የሚመኘው ከከተማ ወጣ ብሎ ሣር ያለው የራሱን ቤት መያዝ ነው፤ አፓርታማ በኪራይ የሚያልፉበት ነው። መንግሥት ለድሆች የሠራቸው ትልልቅ ፎቆች ደግሞ አንዳንዶቹ አልሰመሩም። ለምሳሌ ያህል በሴንት ሉዊስ ከተማ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩት 33 ባለ አሥራ አንድ ፎቅ ሕንፃዎች ጥገናና ተቆጣጣሪ አጥተው፣ ሰውም ሸሽቷቸው ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈንጂ ፈርሰዋል።

በደቡብ ኮሪያ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። አገሪቱ በአብዛኛው ተራራ ናት፤ ሜዳው ጥቂት ነው፤ በጥቂቱ ሜዳ ላይም ሩዝ አለ። በሴኡል የማፖ አፓርታማ በ1962 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ባለ ስድስት ፎቅ ነበር፤ ሕዝቡም መጀመሪያ በጥርጣሬ አየው። በ1970 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጥድፊያ የተሠራ ዋዉ የተባለ አፓርታማ ተደርምሶ ከሠላሳ በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ በኋላ አሠራሩ እየተሻሻለ ሄደ። ዛሬ ከአገሪቱ ቤተሰቦች ከግማሽ በላይ የሚኖረው በአፓርታማ ነው። የደኅና ኑሮ ምልክትም እሱው ሆኗል።

ታዲያ ኮሪያውያን ወደ ፎቅ ሲወጡ ኦንዶሉን ምን አደረጉት? ይዘውት ወጡ! በሃያኛው ፎቅ ላይ እንኳ ወለሉ ከሥር ይሞቃል። ልዩነቱ በጭስ ፈንታ የሞቀ ውሃ በቱቦ መዞሩ ነው። በሩ ላይ ጫማ ማውለቂያ ዝቅ ያለች ቦታ አለች። ድሮ ጓሮ በገንቦ ይቀመጥ ለነበረው ለኪምቺ፣ ማለትም በቅመም ለሚብላላው ጎመናቸው፣ ለብቻው ማቀዝቀዣ ተሠራለት። ስለዚህ ሕንፃው ከምዕራብ የመጣ ቢመስልም ኑሮው የራሳቸው ነው።

ኪራዩም የራሳቸው ዘዴ አለው። «ጆንሴ» በሚባለው ውል ተከራይ የወር ኪራይ አይከፍልም። ከቤቱ ዋጋ ብዙውን ክፍል የሚሆን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ለባለቤቱ ያስይዛል፤ ሲወጣ ያስያዘውን ይረከባል። ባለቤቱ በገንዘቡ ይጠቀማል፣ ተከራዩ በቤቱ ይጠቀማል። ይህ በእኛ አገር ከወለድ አገድ ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል አንባቢ ራሱ ያየዋል።

፭. የእኛ ኮንዶሚኒየም

በእኛም አገር በ1990ዎቹ ለጋራ መኖሪያ ቤት መሠረቱ ተጣለ። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ወጣ። በዘጠናዎቹ መጨረሻም በአዲስ አበባ በብዛት መሠራት ጀመረ፤ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደርና ወደ ሌሎችም ከተሞች ተዛመተ። አብዛኞቹ ሕንፃዎች ባለ አራት ፎቅ ናቸው፤ አሳንሰር የላቸውም። ቤቶቹ ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መኝታ ናቸው። ዕድለኛው የሚታወቀው በዕጣ ነው።

ይህ ሥራ ብዙ ሰው የቤት ባለቤት አድርጓል። ንጹሕ ውሃ፣ መብራትና ሽንት ቤት በየቤቱ ገብቷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በጎጆ ያደገ ሁሉ ውሃ ከግድግዳ ሲወርድ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

የንድፍ ባለሙያዎቹም ስለ ልማዳችን አላሰቡም ማለት አይቻልም። በግቢው ውስጥ ከመኖሪያው የተለየ የጋራ መገልገያ ቤት ሠርተዋል። በግ እዚያ ይታረድ፣ እንጀራ እዚያ ይጋገር፣ ልብስ እዚያ ይታጠብ፣ ለለቅሶና ለሠርግም እዚያ ይሰብሰቡ ተብሎ ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን በብዙ ቦታ ለታሰበለት ሥራ አልዋለም፤ ለሌላ አገልግሎት የተከራየም አለ። ለምን ይሆን? እስቲ በአንዲት እናት ቦታ እንሁን። የሊጡን ባልዲ ይዞ ከአራተኛ ፎቅ መውረድ፣ ተራ መጠበቅ፣ እንጀራውን ተሸክሞ እንደገና መውጣት፤ ይህ በየሁለት ሦስት ቀኑ! ስለዚህ ምጣዱ በጠባቧ ማድ ቤት ውስጥ ገባ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ይታያል። ኮሪያውያን ዋናውን ልማዳቸውን በእያንዳንዱ ቤት ወለል ውስጥ አስገቡት። እኛ ግን እንጀራችንን በር ላይ፣ ከግቢው ጥግ አስቀመጥነው። ደጃችንም እንደዚሁ ነው። በርበሬ የሚሰጣው ባልኮኒ ላይ ሆነ። ሙቀጫው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲወቀጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው ሕፃን ይባንናል። በነገራችን ላይ ይህ የፎቅ ለፎቅ ድምፅ ጭቅጭቅ በደቡብ ኮሪያም ከባድ ችግር ሆኖ፣ ጎረቤቶችን የሚያሸማግል ማዕከል በ2012 እ.ኤ.አ. እስከ መቋቋም ደርሷል።

ጎረቤትም በደቦ የተገኘ ሳይሆን በዕጣ የተገኘ ነው። ሆኖም ሕዝባችን እዚህ ላይ አልተሸነፈም። ሳይተዋወቁ የገቡ ሰዎች ብዙ ሳይቆዩ እድር አቋቁመዋል፤ ድንኳንም ገዝተዋል። ሰው ሲሞት ድንኳኑ መኪና ማቆሚያው ላይ ይተከላል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው አባባል ደረጃውን ወጥቶ ፎቅ ላይ ደርሷል ማለት ነው።

፮. ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው፦ እሳቱ

አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን ወደ ጠየቅናት ነጥብ እንመለስ። የሳር ክዳን ይተነፍሳል፤ የሲሚንቶ ቤት አይተነፍስም። ይህች ትንሽ ልዩነት ሰው ትገድላለች።

ኮሪያ ይህንን በመራራ ትምህርት ተምራለች። ከጦርነቱ በኋላ እንጨት ሲጠፋ «ዮንታን» በሚባል ከድንጋይ ከሰል በተሠራ ማገዶ ኦንዶሉን ማሞቅ ተጀመረ። ወለሉ ትንሽ ሲሰነጠቅ ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ መኝታው ይገባል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም። በደማችን ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዝና አካላችንን ያፍናል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ድካም፣ ከዚያ እንቅልፍ ነው፤ ከእንቅልፉም የማይነሣ አለ። ለብዙ ዓመታት በየክረምቱ ብዙ ኮሪያውያን በዚህ ሞተዋል። ጉዳቱ የቀነሰው ማገዶው በጋዝና በሞቀ ውሃ ቱቦ ሲተካ ነው። ልማዱ አልተጣለም፤ እሳቱ ግን ተቀየረ።

በእኛም አገር በክረምት ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች እንደወጡ የቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው። እኛ ሠልጣኞች በኪራይ የምንኖርባቸው ክፍሎች የብሎኬት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የብረት በርና የተዘጋ መስኮት ያላቸው ናቸው። ቡና አፍልተን የተረፈውን ፍም ለሙቀት ብለን ክፍሉ ውስጥ ማሳደር በጎጆ ምናልባት ያሳለፍነው ይሆናል፤ እዚህ ግን አያልፍም። ስለዚህ፦

ሀ/ ከሰል ውጭ ይቀጣጠል፤ ፍሙ ያለበት ምድጃ ክፍል ውስጥ አይደር።

ለ/ ከሰል የግድ ውስጥ ከነደደ በርና መስኮት ይከፈት።

ሐ/ ራስ ምታትና ማዞር ከተሰማን ብርድ ነው ብለን አንሸፋፈን፤ ወዲያው ወደ ውጭ እንውጣ።

መ/ ራሱን የሳተ ሰው ካገኘን ወደ ንጹሕ አየር አውጥተን ሳንዘገይ ወደ ሕክምና እናድርስ።

፯. እንግዲህ ምን እናስተምር?

ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ የደብረ ታቦሩን መንገድ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ወደ ጎን እየሰፋች ነው። ወደ ጎን የሚሠራ ቤት ሁሉ የሚያርፈው ሩዝ ማሳ ላይ ነው። ሜዳችን ደግሞ አንድ ነው፤ አይጨመርም። እንግዲህ ወደ ፎቅ መውጣት አንድ ቀን ለፎገራም መምጣቱ አይቀርም። ጥያቄው ምን ይዘን እንውጣ የሚለው ነው። ጭሱን፣ ከከብት ጋር ማደርን፣ የትንኟን ቀዳዳ ጥለናቸው እንውጣ። መደቡን፣ ደጁን፣ እንግዳ መቀበሉንና ደቦውን ግን በዲዛይን ቦታ ልንፈልግላቸው ይገባል። ይህን የሚፈልግ መሐንዲስ ዛሬ በአንዱ ቀበሌ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ተቀምጦ ይሆናል። ሰሌዳው ላይ ያለው ቀስት የቤቱን ዕውቀት «ኋላ ቀር» ብሎ ከሰረዘበት ግን የሚፈልገውን ነገር ከየት ያገኘዋል?

ስለዚህ ስለ መጠለያ ስናስተምር ቀስቱን ትተን ጥያቄ እንጻፍ። ለመወያያ ያህል የሚከተሉትን እናቀርባለን፦

1. በቤታችሁ ሙቀት ከየት ይመጣል? ጭሱስ በየት ይወጣል?

2. ከቤታችሁ ሥራ ስንቱ በጣሪያ ሥር፣ ስንቱ በደጅ ይሠራል? ዘርዝሩ።

3. ቤታችሁን ማን ሠራው? ስንት ጎረቤት ረዳ?

4. ለአያታችሁ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ብትሠሩላቸው ምን ትጨምሩበታላችሁ?

አስተያየት ያላችሁ ጓደኞቻችንና መምህራኖቻችን በጽሑፍ ብትሰጡን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።